ወንድሜ ሶል ይለጥፋል፤ እግሩ እየደነዘዘ ነው። ማስቲሹ ይሆን?

ትንሿ እህት

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው።

ወንድሜ 23 ዓመቱ ነው። መርካቶ አካባቢ አንድ ጫማ ቤት ሶል ይለጥፋል። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ከፋሲካ ወዲህ የእግሩ ጣቶች ይደነዝዛሉ። መጀመሪያ «ጉንዳን የሚሄድብኝ ይመስለኛል» ይል ነበር። አሁን ሲራመድ እግሩ ይጎተታል። ባለፈው ሳምንት ግቢያችን ውስጥ ነጠላ ጫማው ከእግሩ ወልቆ ቀረ። እሱ አላወቀም። አምስት ስድስት እርምጃ በባዶ እግሩ ከሄደ በኋላ እኔ ነኝ የነገርኩት። ያን ቀን ነው የደነገጥኩት።

እማዬ ብርድ ነው ትላለች። ፋርማሲ ሄዶ የቫይታሚን ቢ መርፌ ተወግቷል፤ ለውጥ የለም። ስኳር ተመረመረ፤ የለበትም። አይጠጣም።

የሚሠራበት ክፍል አንድ በር ብቻ ነው ያለው። መስኮቱ አቧራ እንዳይገባ ተብሎ በካርቶን ተዘግቷል። አራት ሆነው ነው የሚሠሩት። አንዱ ጓደኛው «እኔንም እግሬን ያቃጥለኛል» ብሎታል። ወንድሜ ማታ ሲገባ ቤቱ ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸታል። ማስቲሽ እንዲህ ያደርጋል? የሚያውቅ ካለ እባካችሁ።

ጋሽ ፎርማ

ልጄ፣ እግዜር ይማረው። እኔ ጫማ ስሠራ 31 ዓመቴ ነው። በማስቲሽ መሃል ነው ያረጀሁት። እግሬ እስከ ዛሬ ደህና ነው። በየቀኑ ግማሽ ሊትር ወተት ይጠጣ። ወተት መርዙን ይጠርገዋል፤ ድሮም የምናደርገው ይህንኑ ነው። ልጁን ከሥራው አታስፈሩት። ሥራ በስንት መከራ እንደሚገኝ ታውቃላችሁ።

ኬሚስቷ

ትንሿ እህት፣ ጥርጣሬሽ ልክ ነው። ጋሽ ፎርማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና በወተቱ አልስማማም። ቀስ ብዬ ላስረዳ።

ማስቲሽ ማለት ጎማ መሰል ነገር በፈሳሽ ሟሙቶ ነው። ሲቀባ ፈሳሹ ይተናል፤ ጎማው ይቀራል፤ ሶሉን ይይዛል። የሚያጣብቀው ጎማው ነው። የሚጎዳው የሚተነው ፈሳሽ ነው። ፈሳሹ እንደ አምራቹ ይለያያል። ቶሉን፣ አሴቶን፣ ኤም.ኢ.ኬ. የሚባለው፣ ወይም ኤን-ሄክሴን ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ድብልቅ ነው።

የወንድምሽ ምልክት ወደ ሄክሴን ነው የሚወስደኝ። ሄክሴን ከድፍድፍ ነዳጅ የሚጣራ ቀላል ፈሳሽ ነው። የሚፈላው በ69 ዲግሪ ነው፤ በክፍል ሙቀትም ቶሎ ይተናል። ጫማ ሠሪ የሚወደውም ለዚሁ ነው፤ ቶሎ ይደርቃል። ሰው ሲተነፍሰው ከሳንባ ደም ውስጥ ይገባል። ጉበት ሊያስወግደው ሲሞክር 2፣5-ሄክሴንዳዮን ወደሚባል ሌላ ነገር ይቀይረዋል። ነርቭ የሚጎዳው ይኼኛው ነው። በነርቭ ክር ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የፕሮቲን ድሮች እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። ክሩ ቦታ ቦታው ላይ ያብጣል። ከዚያ ጫፉ መሞት ይጀምራል።

ለምን እግር? ከሁሉ የሚረዝመው ነርቭ እግር ጣት ድረስ የሚወርደው ስለሆነ ነው። ረጅሙ ቀድሞ ይጎዳል። መጀመሪያ የእግር ጣት፣ ቀጥሎ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ የእጅ ጣቶች። ካልሲና ጓንት የሚሸፍኑት ቦታ ማለት ነው። ለዚህ ነው ነጠላ ጫማው ሲወልቅ ያልታወቀው።

ይህ ነገር ጫማ ሠሪውን ሲከተል ኖሯል። ጃፓን ውስጥ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በየቤታቸው የፕላስቲክ ሰንደል የሚያጣብቁ ሰዎች ልክ በዚህ በሽታ ተይዘዋል፤ ብዙዎቹ ክፍሉን ዘግተው ነበር የሚሠሩት። ጣሊያን በ1963 ቤንዚን የሚባለውን ኬሚካል ከማስቲሽ ውስጥ በሕግ ስትገድብ አምራቾች ወደ ሄክሴን ዞሩ። ያኔ የጫማ ሠሪዎች የነርቭ በሽታ በዛ። ቻይና ውስጥ ደግሞ በ2009 እ.ኤ.አ. አካባቢ ሱዡ ከተማ የስልክ ስክሪን የሚሠራ ፋብሪካ በአልኮል ፈንታ በሄክሴን ማጽዳት ጀመረ፤ ቶሎ ስለሚደርቅ። አፕል ኩባንያ ራሱ በኋላ ባወጣው ሪፖርት የተጎዱት 137 ሠራተኞች ናቸው ብሏል።

ወተቱን በተመለከተ፣ ወተት ወደ ጨጓራ ነው የሚሄደው። ትነቱ ያለው ሳንባ ውስጥ ነው። አይገናኙም። ወተት ምግብ ነውና ይጠጣ። ጠጥቻለሁ ብሎ ግን መስኮት እንዳይዘጋ።

ነርስ ከአዳማ

ትንሿ እህት፣ ወንድምሽ ነገ ሥራ አይግባ። ይህን የምለው በቁጣ አይደለም። ከትነቱ መራቅ ዋናው መድኃኒት ስለሆነ ነው። ሌላ ማርከሻ የለውም።

ሐኪም ቤት ሲሄድ «እግሬ ደነዘዘ» ብሎ ብቻ እንዳይመለስ። ሥራው ምን እንደሆነ፣ ክፍሉ ምን እንደሚመስል፣ ጓደኛው ምን እንዳለ ሁሉንም ይንገር። ሐኪሙ ባይጠይቀውም እሱ ይንገር። የማስቲሹን ቆርቆሮ በሁሉም ጎኑ ፎቶ አንስቶ ይዞ ይሂድ። እግር የሚያደነዝዝ ነገር ብዙ ነው። ስኳር፣ አልኮል፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ኤች.አይ.ቪ.፣ የቲቢ መድኃኒት አይሶናያዚድም ያደርገዋል። ጓያ አብዝቶ የበላም እግሩ ይያዛል። ጓያ ግን የሚጎዳው አከርካሪ ውስጥ ያለውን ነርቭ ነው፤ እግርን ያገትራል እንጂ እንዲህ አያልልም፣ አያደነዝዝም። የነርቭ ሐኪም ጉልበቱንና ቁርጭምጭሚቱን በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ይለየዋል። ጥቁር አንበሳ የነርቭ ክፍል አለ። ሪፈር አጽፉ።

አንድ ነገር በጣም አደራ። ሥራውን ካቆመ በኋላም ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለሁለት ሦስት ወር ሊብስበት ይችላል። የተጎዳው ነርቭ መሞቱን ወዲያው ስለማያቆም ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። «ሥራዬን ትቼም አልተሻለኝም፤ ማስቲሹ አይደለም» ብሎ ተመልሶ ይገባል። እንዳይመለስ። ከዚያ በኋላ ነው ቀስ እያለ መሻል የሚጀምረው፤ ወራት ይፈጃል፣ ከባድ ከሆነ ከዓመት በላይ።

እስከዚያ እግሩን ማታ ማታ እየገለበጣችሁ እዩለት። የደነዘዘ እግር ሚስማር ቢወጋው፣ ምድጃ ቢያቃጥለው አያውቅም።

መካኒኩ ከኦክላንድ

ይህን ውይይት ሳነብ እጄን አየሁ። እኔ ካሊፎርኒያ ጋራዥ ውስጥ ነው የምሠራው። እዚህ ፍሬን የምናጸዳበት በጣሳ የሚነፋ ማጽጃ አለ። በ1990ዎቹ መጨረሻ እዚሁ እኛ ሰፈር አካባቢ የሚሠሩ መካኒኮች እጅና እግራቸው መደንዘዝ ጀመረ። ሲጣራ ማጽጃው ሄክሴንና አሴቶን የተቀላቀለበት ሆኖ ተገኘ። ክሎሪን ያለበትን ማጽጃ ለጤና ሲባል ትተው ነው ወደዚህኛው የዞሩት። ይህን ታሪክ ሥራ ስጀምር ነው ያስተማሩኝ። አሁን ጣሳውን ሳልገለብጥና ጀርባውን ሳላነብ አልገዛም።

ኬሚስቷን ልጠይቅ። አሴቶን ሲቀላቀል ይብሳል የሚባለው እውነት ነው?

ኬሚስቷ

እውነት ነው። አሴቶንና ኤም.ኢ.ኬ. ብቻቸውን እንዲህ ያለ የነርቭ ጉዳት አያደርሱም። ከሄክሴን ጋር ሲሆኑ ግን ጉዳቱን ያባብሳሉ። መርዙ ሰውነት ውስጥ እንዲበዛና እንዲቆይ ያደርጋሉ። ማስቲሽ ውስጥ አብረው መገኘታቸው የሚያሳስበኝም ለዚህ ነው።

የሰባተኛ ልጅ

እኛ ማስቲሹ ሲወፍርብን በቤንዚን ነው የምናቀጥነው። ከማደያ የሚቀዳውን። እጃችንንም በሱ ነው የምንታጠበው። ኬሚስቷ «ጣሊያን ቤንዚንን ገደበች» ያለችው ይህንን ነው?

ኬሚስቷ

ጥሩ ጠየቅህ። ስሙ ሰውን ያሳስታል። መኪና የሚጠጣው ቤንዚን የብዙ ነገር ድብልቅ ነው። ኬሚስቶች በእንግሊዝኛው ቤንዚን የሚሉት ግን አንድ ራሱን የቻለ ኬሚካል ነው። የሚያሳዝነው፣ ከማደያው ቤንዚን ውስጥም በጥቂቱ አለበት፤ ሄክሴንም አለበት።

ያ ኬሚካል የደም ካንሰር ያመጣል። ይህንን ካሳወቁት አንዱ ቱርካዊው ሐኪም ሙዛፈር አክሶይ ናቸው። የኢስታንቡል ጫማ ሠሪዎች እንዳንተ በየጠባቡ ክፍል ያጣብቁ ነበር። እሳቸው ከ1967 እስከ 1973 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የደም ካንሰር ወይም ቅድመ ምልክቱ የታየባቸውን 26 ጫማ ሠሪዎች መዝግበው በ1974 አሳተሙ። እንደ ቁጥር ብቻ አትየው። ሁሉም ሥራቸው ያንተ ሥራ ነው።

በቤንዚን ማቅጠኑን ተው። እጅህንም አትታጠብበት። የቆዳህን ቅባት አጥቦ ያወጣዋል፤ ቆዳህ ይሰነጠቃል፤ በዚያው ወደ ውስጥ ይገባል። እጅህ ላይ የደረቀ ማስቲሽ ካለ የምግብ ዘይት ቀባ አድርገህ አሸው፣ ከዚያ በሳሙና ታጠብ። ይለቃል።

ነርስ ከአዳማ

ስለ ማቅጠኛ ከተነሳ አይቀር፣ በሃይላንድ አታስቀምጡ። እለምናችኋለሁ። ቲነሩ፣ ቤንዚኑ፣ ነጭ ጋዙ በውሃ ፕላስቲክ ተቀድቶ ጥግ ይቀመጣል። ሕፃን ውሃ መስሎት ያነሳል። እንዲህ ሆነው የመጡ ልጆች በእጄ አልፈዋል። ከደረሰ ደግሞ አታስታውኩት፤ ወተትም ዘይትም አታጠጡት። ሲያስመልሰው ወደ ሳንባው ይገባል፤ የሚገድለው ያ ነው። አፉን ጥረጉ፣ ሃይላንዱን ይዛችሁ ሐኪም ቤት ሩጡ።

ባለ ጫማ ቤት

እኔ ባለቤት ነኝ። ስድስት ልጆች አሉኝ። ይህንን ሳነብ ሰውነቴ ቀዘቀዘ፤ ምክንያቱም የኔም መስኮት ተዘግቷል። ማስክ ገዝቼላቸው ነበር፣ የኮሮና ጊዜውን ሰማያዊውን። ያ አይበቃም? ትልቅ ማሽን የምገዛበት አቅም የለኝም። በእውነት ምን ላድርግ?

ኬሚስቷ

ስለጠየቁ አመሰግናለሁ። ሰማያዊው ማስክ ለዚህ ምንም አይጠቅምም። አቧራና ምራቅ ይይዛል እንጂ ትነት በውስጡ አልፎ ይገባል። ትነት የሚይዘው የከሰል ማጣሪያ ያለው፣ ፊት ላይ ገጥሞ የሚታሰር ነው። ማጣሪያውም ይሞላል፤ በየጊዜው ይቀየራል። ስለዚህ ከማስክ አይጀምሩ። ከአየሩ ይጀምሩ።

ለምን እንደሆነ ላስላልዎት። አንድ ሊትር ሄክሴን ሲተን ወደ 190 ሊትር የሚጠጋ ትነት ይሆናል። ክፍልዎ 4 በ5 ሜትር፣ ከፍታው 3 ሜትር ነው እንበል። በሩም መስኮቱም ከተዘጋ በአየሩ ውስጥ ከሚሊዮን እጅ 3,000 እጅ በላይ ሄክሴን ይኖራል። የአሜሪካ የሥራ ጤና ተቋም፣ ኒዮሽ፣ እስከ አሥር ሰዓት ለሚደርስ የሥራ ቀን የሚመክረው ጣሪያ በአማካይ 50 ነው። ስድሳ እጥፍ ማለት ነው። አፍንጫ ደግሞ አይረዳም። የሄክሴን ሽታ ደካማ ነው፤ ያም ሆኖ ይለመዳል። ጠዋት የሸተተን ነገር ከሰዓት አይሸተንም። አየሩ ግን አልጸዳም።

ካርቶኑን ዛሬ ያንሱት። ከተቻለ ማጣበቂያውን ጠረጴዛ ወደ በረንዳ ወይም ወደ ጓሮ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ያውጡት። አንድ ሳንቲም አያስወጣም፤ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። የተቀቡት ሶሎች የሚደርቁበት መደርደሪያም ልጆቹ አጠገብ አይሁን። ብዙ ሰው የሚያስበው ቆርቆሮውን ብቻ ነው፤ አብዛኛው ትነት የሚወጣው ግን ከተቀባው ሶል ነው። ቆርቆሮው ክዳን ይኑረው፤ ክዳኑ ላይ ለብሩሽ የሚበቃ ቀዳዳ ይብሱ።

ቬንትሌተር ካለዎት ከልጁ ጀርባ ንጹሕ አየር ይዞ በጎኑ እያለፈ ወደ በሩ እንዲነፍስ ያድርጉት። ፊቱ ላይ ትነቱን እንዳይመልስበት። ሞተሩም ትነቱ ውስጥ አይሁን፤ ብልጭታ አለው። ይህ ትነት ከአየር ሦስት እጥፍ ይከብዳል። ወደ ላይ አይሄድም፤ ወለል ለወለል ነው የሚሳበው። ጣሪያ ሥር ያለች ትንሽ መስኮት ብዙም አትረዳም። ከታች መውጫ ይፈልጋል።

እሳቱ ደግሞ ሌላ ነው። ሄክሴን ከዜሮ በታች 22 ዲግሪ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ያወጣል። ከአየሩ 1 በመቶ ትንሽ ፈቀቅ ካለ ለመንደድ ይበቃዋል። እባክዎ ቡና የሚፈላው ሌላ ቤት ይሁን።

ስለ ማስቲሹ፣ የሚሸጥልዎትን ሰው የደኅንነት መረጃ ወረቀቱን ይጠይቁት። ላይ ላዩን «ሶልቬንት» ብቻ ከተባለ አይበቃም። ሄክሴን ካስ በሚባለው የኬሚካል መለያ ቁጥር 110-54-3 ነው የሚጻፈው፤ በየትኛውም ቋንቋ ቢጻፍ ቁጥሩ አንድ ነው። ሄፕቴን በሚባል ሄክሴን መሰል ፈሳሽ የተሠራ ካገኙ ለነርቭ ብዙ የተሻለ ነው፤ እሳቱ ግን ያው ነው። በውሃ የሚሠራ ማስቲሽም አለ። ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ ሙቀት ይፈልጋል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል።

ለጓንት ሰማያዊውን ናይትራይል ይምረጡ። ነጩ የሐኪም ላቴክስ ለሄክሴን አይሆንም። ማስቲሹ ኤም.ኢ.ኬ. ወይም አሴቶን ካለበት ግን ናይትራይሉም ቶሎ ይለቃል፤ ሲነካካ ወዲያው ይቀየር።

የሰባተኛ ልጅ

ስለ እሳቱ እኔ ምስክር ነኝ። መብራት ጠፍቶ ሻማ ለኮስን። ሻማው ከማስቲሹ ሁለት ሜትር ይርቅ ነበር፤ መሬት ላይ ነው ያቆምነው። እሳቱ በወለሉ ሮጦ ሲመጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ክንዴ ላይ ጠባሳው አለ። ወለል ለወለል ይሳባል ስትል አሁን ገባኝ።

ጋሽ ፎርማ

ትናንት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

31 ዓመት ስል እውነቴን ነው። ግን ደጅ ነበር የምንሠራው፤ ግቢ ውስጥ፣ ከዛፍ ሥር። ያን ጊዜ አብዛኛው ጫማ ይሰፋ ነበር እንጂ እንዲህ አይጣበቅም። ክፍል ውስጥ የገባነው በኋላ ነው። እኔ ያኔ ቆዳ መቁረጥ ላይ ነበርኩ፤ በር አጠገብ።

አንድ የሚለጥፍ ልጅ ነበረን። ሲሄድ ይንገዳገድ ነበር። ደረጃ ላይ ይወድቃል። ጠጥቶ ነው እንል ነበር። በፊቱም እንለው ነበር። ልጁ ግን ጠጪ አልነበረም። አንድ ቀን ቀረ፤ አገር ቤት ገባ አሉ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ዛሬ ላገኘው ብችል እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቀው ነበር።

ልጄ፣ ወተቱን ያልኩትን ተዪው። ወንድምሽን ከዚያ ክፍል አውጪው።

አዋጅ አንባቢ

አጭር ነገር ልጨምር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 መሠረት ሠራተኛውን ከአደጋ መጠበቅ፣ ስለሚሠራበት ነገር ማሳወቅ፣ መከላከያ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው። በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታም እንደ ሥራ ጉዳት ይቆጠራል። ትንሿ እህት፣ ሐኪሙ «ከሥራው ጋር የተያያዘ» ብሎ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። በቃል የተነገረ ነገር በኋላ አይረዳችሁም። በየጫማ ቤቱ የሚላላኩ ልጆች ከ18 ዓመት በታች ከሆኑ ደግሞ እንዲህ ያለ ሥራ ላይ መመደብ በሕግ ክልክል ነው።

ትንሿ እህት (ከ9 ሳምንት በኋላ)

ይቅርታ ዘገየሁ። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ወንድሜ በማግስቱ ሥራ ቀረ። የቆርቆሮውን ፎቶ ጓደኛው አንስቶ ላከልን። ከጎኑ በትንንሹ 110-54-3 የሚል ቁጥር አለ። ስልኬ ላይ አሳድጌ ሳየው እጄ ተንቀጠቀጠ። የነርቭ ሐኪም አየው፤ ነርቩን በኮረንቲ ለኩት። የእግሩ ነርቭ መልእክት የሚያደርሰው በጣም ቀስ እያለ ነው ተባለ። ማስቲሹ ነው ብለው በወረቀት ጻፉልን።

ነርስ ከአዳማ፣ አንቺ ባትነግሪን ኖሮ ተመልሶ ይገባ ነበር። ባቆመ በአምስተኛው ሳምንት ባሰበት። ከወንበር ለመነሳት እጁን መደገፍ ጀመረ። የሸሚዝ ቁልፍ እኔ ነበርኩ የምቆልፍለት። እማዬ «ይኸው ማስቲሹ አይደለም» አለች። የጻፍሽውን አነበብኩላት። ሁለት ሳምንት እንደዚያው ቆየ። አሁን አልባሰም። ፊዚዮቴራፒ ጀምሯል። ቁርጭምጭሚቱን የሚይዝ ድጋፍ አሠርተንለታል።

የቀድሞ አሠሪው የሁለት ሳምንት ደሞዝ ሰጥቶ ሸኝቶታል። መስኮቱ አሁንም በካርቶን እንደተዘጋ ነው። ያ እግሬን ያቃጥለኛል ያለው ጓደኛው አሁንም እዚያው ነው። ሚስቱ አራስ ናት፤ መውጣት አልቻለም። ስለ እሱ ነው አሁን የምጨነቀው። ባለ ጫማ ቤት፣ ይህንን የሚያነቡ ከሆነ፣ የማይለጠፍበት ቦታ ሥራ ይኖራል?

ባለ ጫማ ቤት

አንብቤአለሁ። ማጣበቂያውን ጓሮ ካወጣነው ሁለት ወር ሊሆነን ነው። ዝናብ ሲመጣ እናቆማለን፤ በቀን ጥቂት ጥንድ ይቀንሳል፤ ይቀንስ። ቆራጭ ያስፈልገኛል። ልምድ ባይኖረው ጋሽ ፎርማ ሁለት ቀን መጥተው ሊያሳዩት በውስጥ መልእክት ተስማምተናል። በመጀመሪያ ግን ሐኪም ይየው፤ የዚያን ቀን ደሞዝ እኔ እችላለሁ። ስልኬን በውስጥ መልእክት ልኬልሻለሁ። ሰኞ ጠዋት ይምጣ።